አሥራ አንድ ቀለም፦ የቱርክመኑን ባለቅኔ በአማርኛ ለመሞከር

ሥራዬ ብርና ወርቅ ነው። ፒያሳ ካለችው ሱቃችን ፊት ለፊት ወንድሜ ይሸጣል፤ እኔ ከኋላ ከእሳቱና ከሞረዱ ጋር ነኝ። ግጥም የማታ ሥራዬ ነው።

ባለፈው ዓመት ከኢስታንቡል ልብስ የምታመጣው የእህቴ ልጅ አንድ የወረቀት ገንዘብ አመጣችልኝ። «ጋሼ፣ አንተ የማይረባ ነገር ትሰበስብ የለ፣ እንካ» አለችኝ። አሥር ማናት ነው፣ የቱርክሜኒስታን ገንዘብ። ላዩ ላይ አንድ ጢማም ሰውዬ አለ። ማን እንደሆነ ስፈልግ ባለቅኔ ሆኖ አገኘሁት፤ ማግትምጉሊ ይባላል። ትንሽ ዝቅ ስል ደግሞ በሙያው ብር ሠሪ ነበር ይላል። በቃ፣ ያዘኝ።

ከዚያ ወዲህ አንዲት አርኬ ወደ አማርኛ ለማምጣት ሦስት ወር ፈጀሁ። አራት ስንኝ ብቻ። መሞከር የሚፈልግ ካለ እኔ የተሳሳትኩበትን አይድገመው ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስሙን አጣሩ። ቱርክሜኒስታን ውስጥ ዛሬ የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነው። «ዋይ» ጭረት ካላት እንደኛ «ይ» ናት። ጭረት ከሌላት ግን «እ» ናት፤ «ብር» ስንል በ«ብ» እና በ«ር» መሀል የምትሰማዋ ድምፅ። ፈረንጅ ይህቺን ድምፅ ለማውጣት ሲታገል ይውላል፣ እኛ በነፃ አለችን። ኤስ ከሥሯ ጭራ ካላት «ሽ» ናት። ዩቲዩብ ላይ ስትፈልጉ እንዲህ ጻፉት፦ ኤም፣ ኤ፣ ጂ፣ ቲ፣ ዋይ፣ ኤም፣ ጂ፣ ዩ፣ ኤል፣ ዋይ። ከጎኑ «ዱታር» ጨምሩ፣ የሚዘፈንበት መሣሪያ ነው።

የብዕር ስሙ ፕራጊ ነው። እንደ አነባበቡ «ፕራግ» ብዬ ልጽፈው ነበር፣ የቼክ ዋና ከተማ ሆነብኝ፣ ተውኩት። ፋርሶቹ ፊራቂ ይሉታል። ይህንን ስም ጎረቤታችን ለሆኑ የወሎ ሽማግሌ ነገርኳቸው። በረመዳን ማታ ማታ መንዙማ ሲያንጎራጉሩ ግድግዳውን አልፎ ይሰማኛል። «ሼህ፣ ፊራቂ ማለት ምን ይሆን?» ስላቸው ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ፊራቅ መለየት ነው ልጄ። ሰውዬው ከማን ተለየ?»

ጥያቄያቸው ሕይወቱን በሙሉ ይዞ መጣ። ስለዚህ የሕይወት ታሪኩን ስታነቡ ዓመተ ምሕረት አትቁጠሩ፣ ማንን እንዳጣ ቁጠሩ። የተወለደው በ1724 አካባቢ ነው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፤ በእኛ በኩል አፄ በካፋ ጎንደር ላይ ነግሠው ነበር። መንደሩ ሀጂ ጎውሻን ዛሬ ሰሜን ኢራን ውስጥ ነው። መጀመሪያ ያስተማረው አባቱ ዶውለትማመት አዛዲ ነው፣ እሱም ገጣሚ። ከዚያ ቡኻራ፣ ከዚያ ኺቫ ሺርጋዚ መድረሳ ሄዶ ተማረ። የወደዳት ልጅ መንግሊ ትባላለች፤ ለሌላ ተዳረች። ሁለት ወንድሞቹ ወደ አፍጋኑ ንጉሥ ወደ አሕመድ ሻህ ሊሄዱ ወጥተው በዚያው ቀሩ። ልጆቹን በሕፃንነታቸው ቀበረ ይባላል። በመጨረሻም መጻሕፍቱን አጣ፦ ዘራፊዎች መንደሩን ሲመቱ የእጅ ጽሑፎቹን የጫነው ግመል ወንዝ ገባ ብለው ያወራሉ። ዛሬ የሚነበበው ሌሎች የገለበጡትና ዘፋኞች በቃላቸው የያዙት ነው። ከዚያም ውስጥ የተረፉት የእጅ ጽሑፎች በ2023 ዩኔስኮ «የዓለም ትውስታ» በሚለው የሰነዶች መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

መቃብሩም ከአባቱ ጎን ነው፣ እዚያው ኢራን ውስጥ፣ አቅ ቶቃይ በሚባል ቦታ። የቱርክሜኒስታን ዋና ከተማ አሽጋባት ያለው ዩኒቨርሲቲ በስሙ ይጠራል፣ ገንዘባቸው ላይ ፊቱ አለ፣ በ2024 ሦስት መቶኛ ዓመቱን አከበሩለት፤ አጥንቱ ግን ከድንበር ማዶ ነው። ሼሁ ይህን ስነግራቸው «ስሙን ያወጣው እሱ አይደለም፣ ስሙ ነው እሱን ያወጣው» አሉኝ።

ሁለተኛው ነገር፣ ሳታነቡ ስሙት። የሚዘፍኑት ሰዎች ባግሺ ይባላሉ። መሣሪያቸው ዱታር ነው፤ በፋርስኛ «ሁለት ክር» ማለት ነው። ከማሲንቆ በአንድ ይበልጣል፣ ከክራር ብዙ ያንሳል። እኔ ቋንቋውን ሳላውቅ ለሁለት ሳምንት ሞረድ እየሞረድኩ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት። አንድ ቀን እጄ ከዘፈኑ ጋር ሲሄድ አገኘሁት። አራት ግፊት፣ አራት ግፊት፣ ሦስት። አራት፣ አራት፣ ሦስት።

የቀለሙ ቁጥር ይኸው ነበር፤ ቀለም የምለው በአፍ ባንዴ የሚወጣውን ድምፅ ነው። ግጥሙ በፋርስ ቤት ረዥምና አጭር እየተመዘነ የተሠራ አይደለም፤ አብዛኛው እንደኛው ቀለም የሚቆጠርበት ነው። የኛ የወል ቤት ስድስት ስድስት ይሄዳል፣ ሰንጎ መገን አምስት አምስት። የእሱ ብዙዎቹ አሥራ አንድ ናቸው፣ ስምንት የሆኑም አሉ። ስለዚህ ጣታችሁን አውጡና ቁጠሩ። ፊደል አትቁጠሩ፣ በአፍ የሚወጣውን ቁጠሩ። «ከጥቁር» ተጽፎ አራት ፊደል ነው፣ ስትሉት ግን «ከጥ-ቁር»፣ ሁለት ነው።

እኔ የያዝኩት በጣም የታወቀውን ነው፣ ስለ አገሩ የገጠመውን። ድምፁ በኛ ፊደል እንዲህ ነው፦

ጄይሁን ቢለን ባህረ ኻዛር አራስ፣
ቾል ኡስቱንደን ኦውሰር ዬሊ ቱርክመኒንግ።

ትርጉሙ በደረቁ፦ በጄይሁንና በኻዛር ባሕር መካከል፣ በበረሃው ላይ የቱርክመን ነፋስ ይነፍሳል። ሦስተኛው ስንኝ፣ እምቡጧ የጥቁር ዓይኔ ጥቁረት ነው ይላል። አራተኛው፣ ከጥቁር ተራራ የቱርክመን ጎርፍ ይወርዳል። በነገራችን ላይ በነሱ ቋንቋ «ጋራ» ጥቁር ማለት ነው። እኔ ደግሞ የመጀመሪያው ቀን «ጋራ ዳግ» የሚለውን ሰምቼ «ጋራን አወቅኩት!» ብዬ ተደስቼ ነበር።

ወንዙ ላይ ትንሽ ልቁም። ኻዛር ካስፒያን ባሕር ነው፣ ጄይሁን ደግሞ አሙ ዳርያ። ግን ጄይሁን የሚለው ስም የመጣው ከኦሪቱ ግዮን ነው። የኛው ግዮን! አባይ የምንለው፣ መስቀል አደባባይ አጠገብ ሆቴል የተሰየመለት። ሁለት ሕዝብ አንዱን የገነት ወንዝ እየራሱ ደጃፍ አምጥቶታል። «ከግዮን» ብዬ ብጀምረው ምን ያምር ነበር! ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት። አማርኛ አንባቢ ግዮን ሲል ጎጃም ይገባል፤ ከዚያ ቱርክመን ድረስ ማን ይመልሰዋል? እናንተም እንዲህ ያለ ፈተና ይገጥማችኋል። እለፉት።

ትልቁ ችግር «ቱርክመኒንግ» ነው፣ «የቱርክመን» ማለት። ሁለተኛውና አራተኛው ስንኝ በሱ ያልቃሉ፣ ከዚያም በየአርኬው መጨረሻ ይመለሳል። አዝማች ነው። ግጥሙ ጎሣ ጎሣውን ተለያይቶ ሲዋጋ ለነበረ ሕዝብ የተገጠመ ነው፤ ያ ቃል ደጋግሞ ካልመጣ ግጥሙ ምንም አልያዘም። በኛ ቋንቋ ግን «የቱርክመን ነፋስ» ነው የሚባለው፣ «የ» ቀድሞ ይመጣል። መጀመሪያ ለአማርኛው ብዬ ቃሉን ፊት አመጣሁት። ጸዳ ያለ ዐረፍተ ነገር ሆነ፣ ዘፈኑ ግን ሞተ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ግጥም ውስጥ «ጎርፉ የቱርክመን» ማለት ማንን ይገድላል? ደግሞ «የ-ቱርክ-መን» ሦስት ቀለም ነው፣ ልክ የመጨረሻዋ ሦስት። ፈርጥ ቀለበት ውስጥ ጠቅ ብሎ ሲገባ የሚሰማኝ ነገር ተሰማኝ።

ሰምና ወርቅ ግን አትፈልጉበት። ይህን የምለው ሰም የሥራ ዕቃዬ ስለሆነ ነው። የኛ ሰው ባለቅኔ ሲባል ወዲያው ኅብረ ቃል ማደን ይጀምራል። እዚህ የሚሠራው አዝማቹና የመጨረሻው አርኬ ነው። በመጨረሻው አርኬ ገጣሚው ስሙን ይጠራል፣ ራሱን እየመከረ ወይም እየወቀሰ። ስሙን አትጣሉት። «ማግ-ትም-ጉ-ሊ» አራት ቀለም ነው፣ አንዱን ክፍል ብቻውን ይሞላላችኋል። በትርጉም ሥራ እንዲህ ያለ ነፃ ጡብ አይገኝም።

የፍቅርና የመንፈስ ግጥሞቹን ለያዘ ሰው ሌላ ወጥመድ አለ። ቱርክመንኛ «እሱ»ና «እሷ» አይለይም። «ወዳጄ» ሲል መንግሊ ትሁን ፈጣሪ አይታወቅም፣ ሱፊም ስለሆነ አለመታወቁ ሆን ተብሎ ነው። አማርኛ ግን በግሡ ያጋልጣል፦ «መጣህ» ወይ «መጣሽ»። ሼሁን ጠየቅኳቸው። «በሩን አትክፈተው» አሉኝ። እኔ ያገኘሁት መላ በስም መሄድ ነው፤ «ናፍቆትሽ» ሳይሆን «ያ ናፍቆት»፣ «አየሁሽ» ሳይሆን «ያ ፊት ታየኝ»። አንዳንዴ «እርስዎ» ያድናል፣ ግን ቢሮ ቢሮ ይሸታል።

ከዚያ ለሚስቅ ሰው አንብቡት። ለሚያደንቃችሁ ሰው አይደለም። እኔ አርብ ማታ ሱቅ ሲዘጋ ለወንድሜና ለእህቴ ልጅ አነበብኩ። የመጀመሪያው ስንኝ ያኔ «ከጄይሁን ወንዝ እስከ ኻዛር ባሕር ዳር» ይል ነበር። ወንድሜ «ቱርክመኖቹ ባሕር ዳር ገቡ እንዴ?» አለ። አራተኛው ላይ «ወራጅ ጎርፉ» ብዬ ነበር። የእህቴ ልጅ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ እጇን አንስታ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። አዲስ አበባ ውስጥ «ወራጅ» የሚል ግጥም አይጻፍም፣ ተረዳሁ። «ደራሽ» አደረግኩት። እንዲያውም የሚሻለው እሱ ሆነ፤ የበረሃ ጎርፍ ሳይታሰብ ነው የሚደርሰው።

ከሦስት ወር በኋላ ያለው ይኸ ነው፦

ከጄይሁን ወንዝ እስከ ኻዛር ወሰኔ፣
በበረሃው ሽው ባይ ነፋስ የቱርክመን፤
እምቡጧ ናት ጥቁር ዓይኔ፣ ብሌኔ፣
ከጥቁር ጋራ ደራሽ ጎርፉ የቱርክመን።

ቁጠሩት፣ አራት፣ አራት፣ ሦስት ይመጣል። «ወሰኔ» የኔ ጭማሪ ናት፣ ከ«ብሌኔ» ጋር ቤት እንድትመታ። ብር ስንበይድ ትንሽ ሌላ ማዕድን እንደምንጨምረው አድርጋችሁ ውሰዷት። አንድ ቦታ ደግሞ ተሸንፌአለሁ። በዋናው ከአዝማቹ በፊት ያሉት ቃላትም ቤት ይመታሉ፣ «ዬሊ»፣ «ሲሊ»፣ ቀጥሎ «ቾሊ»። የኔ «ነፋስ» እና «ጎርፉ» አይገናኙም። ያልተበየደ ቦታ እንዳለ ዓይኔ ሁሌ እዚያ ይሄዳል።

አሁን ሁለተኛው አርኬ ላይ ነኝ። እዚያ ወንዱ ግመልና ሴቷ ግመል ለየራሳቸው ስም አላቸው፣ «ኔር» እና «ማያ»፣ አንድ አንድ ቃል። እኔ ያለኝ «ግመል» ብቻ ነው፣ «ሴት ግመል» ካልኩ ቀለሙ ያልቅብኛል። ሼሁ ነገ መርካቶ ሲወርዱ የአፋር ሰው እንጠይቃለን ብለውኛል።