ቡናው ምን ነካው? ከማሽኑ በፊት ውሃውን ጠርጥሩ

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ስገባ የገዛሁት የኤስፕሬሶ ማሽን ዓመት ሳይሞላው ቀጥ አለ። ሠሪው ቦይለሩን ፈትቶ በካቻቪቴ ጫፍ ነካ ሲያደርገው፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር እየተሰነጠቀ ረገፈ። እፍኝ ይሞላል። «እህቴ፣ ማሽኑ ጤነኛ ነበር፤ ውሃሽ ነው የበላው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤት «ማሽኔ ተበላሸ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ውሃ እንደሚጨምርበት ነው።

ምልክት፦ ውሃው ቀጥኖ ይወርዳል፣ ስቲሙ ደክሟል፣ ማሽኑ ለመሞቅ ይዘገያል

ይሄ የእኔው ነው። ምክንያቱ በውሃው ውስጥ የሟሟ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት ነው። ውሃው ሲሞቅ ካልሲየሙ ከባይካርቦኔቱ ጋር ተያይዞ ድንጋይ ይሆናል፤ ማሞቂያው ላይ ይለጠፋል፣ ቀጫጭኑን ቱቦ ይደፍናል።

የአዲስ አበባ ውሃ ከአንድ ቦታ አይመጣም። ለገዳዲ፣ ድሬና ገፈርሳ ግድቦች ናቸው፤ የአቃቂው ከከርሰ ምድር ይሳባል። የከርሰ ምድር ውሃ ደግሞ ድንጋይ ለድንጋይ ሲሄድ ማዕድን ይዞ ይወጣል። ዳር ያለን ሰዎች ላይ ፈረቃም አለብን። ዛሬ የቧንቧ፣ ነገ የቦቴ፣ ከነገ ወዲያ ከጎረቤት ግቢ ጉድጓድ። ሁሉም አንድ ሮቶ ውስጥ ይገናኛል። ስለዚህ «የሰፈራችን ውሃ ጥሩ ነው» የሚለው ወሬ ብዙም አይረዳም። የራሳችሁን እዩ።

መሣሪያ አያስፈልግም። የውሃ ማፍያችሁን ታች ተመልከቱ። ካጸዳችሁት ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ነጭ ካበጀ፣ ልብስ ስታጥቡም ሳሙናው አረፋ እንቢ ካላችሁ፣ ውሃችሁ ማዕድን በዝቶበታል። እኛ ሰፈር ድስት ላይ ውሃ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከፍታው ነው። የስቲም ቦይለር ግን በግፊት ከ115 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ድስቱ ላይ ትንሽ ካያችሁ ቦይለሩ ውስጥ የባሰ አለ።

«እኔ እኮ አጣርቼ ነው የምጨምረው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ያ ሁለት ፎቅ ያለው፣ ነጭ ሻማ የሚመስል የሸክላ ማጣሪያ ደለልና ጀርም ይይዛል። የሟሟውን ማዕድን አይነካውም።

መፍትሄው ሁለት ነው። ርካሹ ማፍላት ነው። አሥር ደቂቃ አፍሉት፣ ከድናችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ታቹን ሳትነቀንቁ ከላይ ቅዱ። ካልሲየሙ በከፊል ታች ይቀራል። ሁሉንም አያወጣም፣ ግን ልዩነቱ ይታያል። ሁለተኛው መቀላቀል ነው። የታሸገ ውሃ ስትገዙ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን መለያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ባይካርቦኔት በሊትር ከ50 እስከ 85 ሚሊግራም፣ ካልሲየም ከ30 በታች፣ ክሎራይድም ከ30 በታች ከሆነ ሳትቀላቅሉ ጨምሩት። ባይካርቦኔቱ 10 ብቻ ከሆነ፣ ሦስት እጁን ከእሱ፣ አንድ እጁን ባይካርቦኔቱ 200 ከሆነ ውሃ አድርጉ። 57 ተኩል ይመጣል። እጅ በእጅ የሚሠራ ሂሳብ ነው።

አምቦ ውሃ? ለመጠጥ እወደዋለሁ። ማሽን ውስጥ ግን በፍጹም፤ ማዕድኑ ብዙ ነው፣ ጋዝም አለው።

የተለጠፈውን ለማንሳት በሊትር 20 ግራም ያህል ሲትሪክ አሲድ ሟሙቶ በማሽኑ ይለፍ፣ ከዚያ በማሽኑ ታንከር ልክ ሁለት ሦስት ጊዜ ንጹህ ውሃ ይለፍበት። አቼቶም ይሠራል፣ ግን ሽታው ሳምንት ይከተላችኋል። ቦይለሩ አሉሚኒየም ከሆነ መጀመሪያ የማሽኑን መመሪያ እዩ። ለዓመታት ያልተነካ ከሆነ ደግሞ ራሳችሁ አትጀምሩት። የተላቀቀው ቅርፊት ሄዶ ቱቦ ይዘጋል። ሠሪ ይፍታው።

ምልክት፦ ታንከሩ ሙሉ ነው፣ ማሽኑ «ውሃ የለኝም» ይላል

እኔ ከመጀመሪያው ጥፋት በኋላ ወደ ሌላኛው ጫፍ ሮጥኩ። ምንም ማዕድን የሌለው ውሃ አመጣሁ። ማሽኑ ፓምፑን እያስጮኸ ቆመ። አንዳንድ ማሽኖች የውሃውን ልክ የሚያውቁት በውሃው ውስጥ በሚያልፍ ጥቂት ኤሌክትሪክ ነው። ማዕድን ከሌለ ኤሌክትሪኩ አያልፍም፤ ማሽኑም ባዶ ነኝ ብሎ ያስባል። ቡናውም በዚህ ውሃ ኮምጣጣ ይሆናል፤ አሲዱን የሚያለዝበው ባይካርቦኔት የለማ። የሲዳማ ቡና ሎሚ የተጨመቀበት መስሎኝ ነበር።

ማስተካከያው ኬክ ከምንሠራበት ቤኪንግ ሶዳ ነው። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። 5 ግራም በግማሽ ሊትር ውሃ አሟሙ፣ ጠርሙስ ውስጥ አስቀምጡ። ከፋርማሲ የተገዛ 10 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መርፌ (ያለ መርፌው ጫፍ) ሞልታችሁ ለአንድ ሊትር ማዕድን አልባ ውሃ ጨምሩ። በቃ። ካልሲየም ስለሌለው ድንጋይም አይሠራም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «ዲስትልድ ውሃ» ብላችሁ ከመኪና ዕቃ ሱቅ የባትሪ ውሃ እንዳታመጡ። ለመጠጥ የተሠራ አይደለም፤ አሲድ ያለበትም አለ።

ምልክት፦ ቡናው በረኪና በረኪና ይላል

ክሎሪን ነው። አፉ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ስስ ጨርቅ አልብሳችሁ አሳድሩት፣ ወይም ከሰል ባለው ማጣሪያ አሳልፉት። «ውሃ አጋር» የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን የጨመራችሁበትን ውሃም ማሽን ውስጥ አትጨምሩ።

ምልክት፦ ፈረቃ በተመለሰ ቀን ቡናው ጭቃ ጭቃ ይላል

ቧንቧው ቆሞ የቆየበት ዝገትና ደለል ነው። ቡናማው ውሃ በባልዲ ተቀድቶ ለሽንት ቤት ይዋል። የጠራው ሲመጣ ብቻ ለቡና ቅዱ። ሮቶውም በዓመት አንዴ ይታጠብ፤ የእኔን ሳሳጥብ ታቹ ላይ የጣት ውፍረት ደለል ነበር።

አሁን አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ለይቼ አፍልቼ ያሳደርኩትን እገለብጥበታለሁ። በማርከር «የማሽን» ብዬ ጽፌበታለሁ። ልጆቹ ግን ውሃ ሲጠማቸው የሚቀዱት ከእሱ ነው።