ዘንጉን አትውቀሱት፦ ቋሚ አንቴና ይዘን ወሎ ተራራ ላይ ስንወጣ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጦሳ ላይ ነኝ። ደሴ ከእግሬ ሥር ተኝታለች። አምስት ሜትር የሚሳብ ዘንግ በሦስት እግር ላይ አቁሜ፣ ከሥሩ የዘንጉን ማጠር የሚያካክስ ጥቅል ሽቦ፣ ኮይል የምንለውን፣ አስገብቼ፣ በ7 ሜጋኸርዝ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬን እጠራለሁ። አንቴናው ከራዲዮው ጋር መስማማቱን የሚያሳየው ሜትር 1.1 ይላል፣ 1.0 ማለት ፍጹም ነው። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? አንድ ሰዓት ጠራሁ። መልስ የለም። ሁለት ሰዓት ሊሞላኝ ሲል ከብት የሚጠብቁ አዛውንት መጥተው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፦

«ልጄ፣ ማንን ነው የምትጠራው?»

«አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬን ነው፣ አባባ።»

«ስልክ የለውም እንዴ?»

«አለው።»

«ታዲያ?»

መልስ አልነበረኝም። አማተር ራዲዮን፣ ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ በራዲዮ መነጋገርን፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር ለማስረዳት የሚሞክር ሰው ካለ ይምጣና ይሞክር። ያን ቀን ግን ጥፋቱ የዘንጉ መስሎኝ ነበር። «ርካሽ ነገር ገዝቼ ነው» እያልኩ ወረድኩ። ዘንጉ ምንም አላጠፋም። ስህተቶቹ በሙሉ የእኔ ነበሩ፣ ያውም ብዙዎቹ ከዘንጉ በታች፣ መሬት ላይ የነበሩ።

ይሄ አንቴና ስሙ ቋሚ ቢሆንም በቦርሳ የሚዞር ነው። ቋሚ የተባለው ቀጥ ብሎ ስለሚቆም ነው።

ሜትሩ ስላማረ አንቴናው ሠራ ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ሜትሩ የሚያሳየው፣ ኤስደብሊውአር የምንለው ቁጥር የሚነግረን ራዲዮው የላከው ጉልበት ምን ያህል ተቀባይነት እንዳገኘ ነው። ጉልበቱ ወደ አየር ወጣ ወይስ መሬቱን አሞቀ፣ ስለዚህ አንድም ነገር አይነግረንም። 50 ኦም የሆነ ሬዚስተር ብታስሩበት ሜትሩ 1.0 ይላል። ሬዚስተሩን ግን ኮምቦልቻ ላይ እንኳ የሚሰማው የለም።

ሒሳቡን እንየው። ለ14 ሜጋኸርዝ ሙሉ ርዝመት ያለው ቋሚ አንቴና አምስት ሜትር ገደማ ነው። የጨረራ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ጉልበቱን ወደ አየር የሚያወጣው ድርሻ፣ 36 ኦም አካባቢ ነው። ያንኑ አምስት ሜትር ዘንግ ኮይል አስገብታችሁ ወደ 7 ሜጋኸርዝ ስታወርዱት ግን ወደ 6 ኦም ይወርዳል። ኮይሉ 8 ኦም ቢበላ፣ ድንጋያማው የጦሳ መሬት 30 ኦም ቢበላ፣ ድምሩ 44 ነው። ራዲዮው ለሚፈልገው 50 ኦም ቅርብ! ሜትሩ 1.1 ይላል፣ እኛም ደስ ይለናል። ከ100 ዋት ውስጥ ግን አየር ላይ የወጣው 14 ዋት ብቻ ነው። ሌላው ድንጋይ ሲያሞቅ ዋለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ነው። መሬት ላይ ብዙ ሽቦ ስትዘረጉ የመሬቱ ብክነት ከ30 ወደ 12 ይወርዳል እንበል። ድምሩ 26 ይሆናል፣ ሜትሩም ወደ 1.9 ይወጣል። «አበላሸሁት» ብሎ ሽቦውን የሰበሰበ ሰው አውቃለሁ። እኔ ነኝ። በዚያች ቅጽበት ግን ከአንቴናው የሚወጣው ከ14 ወደ 23 ዋት አድጎ ነበር። ቁጥሮቹ እንደ ኮይሉና እንደ መሬቱ ይለያያሉ፣ መንገዱ ግን ያው ነው፦ ሽቦ ስትጨምሩ ሜትሩ ከከፋ፣ ብዙ ጊዜ መልካም ዜና ነው። ከዚያ በኋላ ቱነሩ ወይም ከዘንጉ ሥር የሚገባ ማዛመጃ የቀረውን ያስተካክላል።

ለጀማሪ የምመክረው በ14 ሜጋኸርዝ ጀምሩ ነው። ኮይል አያስፈልግም፣ የሚባክነውም ያነሰ ነው። ደግሞ እኛ አንድ ዕድል አለን። የጥሪ ምልክታችን የሚጀምረው በኢቲ ነው። ከአምስት ኪሎው የክለብ ጣቢያ ከኢቲ3ኤኤ ውጪ ከኢትዮጵያ የሚሰማ ጣቢያ ብርቅ ስለሆነ፣ ኢቲ የሚል ጥሪ የሰማ አማተር የያዘውን ጥሎ ነው የሚመጣው። ባንዱ፣ ማለትም የምትጠሩበት የሞገድ ክልል፣ ክፍት ሆኖ፣ ሌሎቹን እየሰማችሁ፣ ማንም ካልመለሰላችሁ ሰዎቹን አትጠርጥሩ። ወደ መሬት እዩ።

ሽቦውን ቤት ትቶ መውጣት

ቋሚ አንቴና ግማሽ አንቴና ነው። ሌላው ግማሽ መሬት ላይ የሚዘረጋው ሽቦ፣ ራዲያል የምንለው ነው። ሰው ግን የሚያብረቀርቀውን ዘንግ ይገዛና ለሽቦው ግድ የለውም። ከኪቱ ጋር የመጡትን ሦስት አራት ክሮች ጣል ያደርግና ይቀመጣል።

በአሜሪካ የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያዎች ከምሰሷቸው ሥር 120 ሽቦ መቅበር የተለመደ ነው። እኛ 120 ተሸክመን ተራራ አንወጣም። ግን 40 ሜትር ሽቦ ካላችሁ አራት ቦታ አሥር አሥር ሜትር አድርጋችሁ አትቁረጡት። ለ14 ሜጋኸርዝ አሥራ ስድስት ቦታ ሁለት ሜትር ተኩል አድርጉት። መሬት ላይ ለሚተኛ ሽቦ ብዛት ከርዝመት ይበልጣል፣ ርዝመቱም በሚሊሜትር መለካት የለበትም። ጥሩ ሽቦም አያስፈልገውም። የእኔዎቹ ከተበላሸ የኔትወርክ ኬብል የወጡ ናቸው። አንዱ ኬብል ውስጥ ስምንት ሽቦ አለ፣ ስትፈቱት ትውላላችሁ እንጂ ወጪ የለውም።

መሬቱም ራሱ ይለያያል። ዝናብ የጠጣ ዋልካ ከደረቅ ድንጋይ በጣም ይሻላል። ጦሳ ጫፍ ላይ ድንጋዩ ከበዛባችሁ ሌላ ዘዴ አለ፦ አንቴናውን ከመሬት አንድ ሜትር ከግማሽ ያህል ከፍ አድርጉና ከሁለት እስከ አራት ሽቦ አየር ላይ ወጥሩ። እዚህ ላይ ግን ሕጉ ይገለበጣል። አየር ላይ ያለ ራዲያል ልክ እንደ ዘንጉ መለካት አለበት፣ ለ14 ሜጋኸርዝ አምስት አምስት ሜትር። ሁለቱን ሕጎች ያምታታ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

ቅርብ ላለ ሰው ቋሚ አንቴና መትከል

ያን ቀን ራዲያሎቼ ሙሉ ቢሆኑ ኖሮ እንኳ ጓደኛዬ አይሰማኝም ነበር። ቋሚ አንቴና ጉልበቱን የሚሰድደው ዝቅ አድርጎ፣ ወደ አድማስ ነው። ሩቅ አገር ለመድረስ የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። ወደ ላይ፣ አናቱ አቅጣጫ ግን የሚልከው የለም ማለት ይቻላል። ከደሴ አዲስ አበባ በአየር 250 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመካከሉ ተራራ እንጂ ሜዳ የለም። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ቀጥ ብሎ ሰማይ ወጥቶ፣ የራዲዮ ሞገድን ከሚመልሰው የላይኛው የአየር ንጣፍ፣ ከአዮኖስፌር፣ ነጥሮ የሚመለሰው ነው። የእኔ ጥሪ ጓደኛዬን ከላይ ዘልሎት ሄዷል። ምናልባት ቀይ ባሕር ማዶ አንድ ሰው «ይሄ ማንን ነው የሚጠራው?» ብሎ ይሆናል።

ለቅርብ ሰው መፍትሔው ቀላል ነው። ሃያ ሜትር ሽቦ ከመሐል ቆርጣችሁ፣ አሥር አሥር ሜትር ግራና ቀኝ፣ ሁለት ባሕር ዛፍ መሃል አራት ሜትር ከፍታ ላይ አግድም ወጥሩት። ቀን ቀን በ7 ሜጋኸርዝ አዲስ አበባ ጎረቤት ትሆናለች። ዘንጉን ለጃፓንና ለአውሮፓ አስቀምጡት።

ውሃ ካለ ሁሉ ባሕር ነው ማለት

ቋሚ አንቴና ውቅያኖስ ዳር ተአምር እንደሚሠራ ያነበበ ወሎዬ መጀመሪያ የሚያስበው ሎጎ ሐይቅን ነው። እኔም አስቤ ሄጃለሁ። ዓሣው ጥሩ ነበር። አንቴናው ግን ከደሴ ብዙም አልተሻለም።

ተአምሩ የውሃው ሳይሆን የጨው ነው። የባሕር ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ ከአንቴናው ፊት ለፊት እንደተነጠፈ የብረት ሜዳ ይሆናል። ከብት የሚጠጣው የሐይቅ ውሃ ከእሱ ጋር አይወዳደርም፣ ከጥሩ ጥቁር አፈር ብዙም አይርቅም። ውሃ ዳር ያለው ጥቅም ፊት ለፊት ሜዳ መሆኑ ነው። ሎጎን ግን ኮረብታ ከቦታል።

ይልቅ ወሎ ውስጥ ሀብታችን ተራራው ነው፣ ቦታውን ከመረጥንበት። ደሴ ከተማ ውስጥ፣ ጦሳ ሥር ሆናችሁ አውሮፓን አትጥሩ። አውሮፓ ያለው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው፣ ጦሳም በምዕራብ በኩል እንደ ግድግዳ ቆሟል። ዝቅ ብሎ የሚወጣው ጨረር መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው። ላይ ስትወጡ ደግሞ መሐል ሜዳው ላይ አትትከሉ። መሬቱ ወደምትፈልጉት አቅጣጫ ቁልቁል የሚወርድበትን ጠርዝ ፈልጉ። ቁልቁለቱ ጨረሩን ይበልጥ ዝቅ ያደርግላችኋል። ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር የሚወርደው ጠርዝ ለእስያ ግሩም ነው።

ኬብሉን መርሳት

ራዲያሉ ካነሰ ጅረቱ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የሚያገኘው ደግሞ ራዲዮውን ከአንቴናው የሚያገናኘውን የኮአክስ ኬብል ውጪኛ ሽፋን ነው። ያኔ ኬብሉም፣ ራዲዮውም፣ እናንተም የአንቴናው አካል ሆናችኋል ማለት ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ኬብሉን በእጅ ስትነኩት የሜትሩ ቁጥር ይቀየራል፣ ማይክራፎኑ ከንፈር ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል፣ ላፕቶፑ በራሱ ይጠፋል። ከዘንጉ ሥር 31 ቁጥር በሚባለው ትልቅ የፌራይት ቀለበት ላይ ኬብሉን አሥራ ሁለት ዙር ጠቅልሉበት። ያርፋል። የሚቀበለው ጫጫታም ይቀንሳል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ትንሽ ነገር፦ የዘንጉ መገጣጠሚያዎች። የጦሳ አቧራ ከገባበት ቁጥሩ በነፋስ ይዋዥቃል። ከመሳባችሁ በፊት በጨርቅ ጥረጉት። አለቀ።

ሰውና ከብት እንደሌለ ማሰብ

አውሮፓ ውስጥ የተጻፉ ምክሮች ይሄን አይሉም። እዚህ ግን አንቴና ካቆማችሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሃያ ልጅ አለ። በ100 ዋት እየላካችሁ ዘንጉን የነካ ልጅ ጣቱ ላይ ትንሽ ግን ጥልቅ ቃጠሎ ያገኛል። እኔ ልጆቹን ሰብስቤ ከሁሉም ትልቁን «አንተ የጣቢያው ዘበኛ ነህ» እለዋለሁ። ከእኔ በላይ ይቆጣጠራል። ሲሰለቸው የጆሮ ማዳመጫውን አውሼው የሞርስ ድምፅ ይሰማል።

በሬ ደግሞ ገመድ አያይም። የመወጠሪያ ገመዶቹ ላይ የቀይ ፌስታል ቁራጭ እሰሩ። ችካል ድንጋይ ላይ አይገባም፣ ስለዚህ ባዶ ማዳበሪያ ጆንያ ይዛችሁ ውጡና እዚያው ድንጋይ ሙሉበት። የጦሳ ነፋስ ከሰዓት በኋላ ሲነሳ ሦስት እግሩን ብቻ ያመነ ሰው ዘንጉን ከገደል ይለቅማል።

ሰዎቹን በሚመለከት ግን ከሁሉ በፊት ፈቃድ። ያለ ፈቃድ ማስተላለፍ ሕገወጥ ነው። ፈቃድ ኖሮም ቢሆን ተራራ ጫፍ ላይ አንቴና አቁሞ በማይገባ ቋንቋ የሚያወራ ሰው፣ ያውም በዚህ ዘመን፣ ያስጠረጥራል። ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም። ከመውጣታችሁ በፊት ቀበሌ ሂዱ፣ ደብዳቤውን አሳዩ፣ ስልካችሁን ተዉላቸው። አንድ ጊዜ ይሄን ሳላደርግ ወጥቼ ግማሽ ቀን ሳስረዳ ዋልኩ። በመጨረሻ ቡና ጠጥተን ተለያየን፣ ባንዱ ግን ተዘግቶ ነበር።

ደመናን መናቅ

ሐምሌና ነሐሴ ከሰዓት በኋላ ተራራ ጫፍ ላይ የብረት ዘንግ አታቁሙ። ጠዋት ሠርታችሁ ውረዱ። ራዲዮው ነጎድጓዱን ከጆሯችሁ ቀድሞ ይሰማል፦ ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ እየደጋገመ ከመጣና ከጋራው ጀርባ ደመና ከጠቆረ «ይሄን ሰው ልጨርስና» አትበሉ። ኬብሉን ንቀሉ፣ ዘንጉን አጋድሙ፣ ራቅ በሉ። የኤሌክትሪክ መስመር ካለበት ደግሞ ዘንጉ ቢወድቅ ከሚደርስበት እጥፍ ያህል ራቁ።

ሽቦውን ሳይቆጥሩ መውረድ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደዚያው ቦታ ተመለስኩ። በዚህኛው ቀን 14 ሜጋኸርዝ፣ አሥራ ስድስት ራዲያል፣ ኮይል የለም። ሜትሩ 1.4 ይላል፣ ግድ የለኝም። ሦስተኛው ጥሪ ላይ ጣሊያን መለሰ። ከዚያ ግሪክ፣ ከዚያ እርስ በርሳቸው እየተጋፉ ማን ማን እንደሆነ መለየት እስኪያቅተኝ። አዛውንቱም እዚያው ነበሩ።

«አሁን ጓደኛህ ሰማህ?»

«እሱ አልሰማም፣ አባባ። ሌሎች ናቸው።»

«ይሁን፣ አብሽር» አሉኝ።

ስንጨርስ ሽቦውን እየጠቀለልኩ ቦርሳ ውስጥ ከተትኩ። ልሄድ ስል ያዙኝ። «ስንት ነበር የዘረጋኸው?» «አሥራ ስድስት።» «የጠቀለልከው አሥራ አምስት ነው። ሽቦ የዋጠች ላም አትድንም።» ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ሣሩን በእጃችን ስንዳብስ ቆየን። በመጨረሻ ያገኙት እሳቸው ናቸው፣ ከተቀመጡበት ድንጋይ ሥር።