ከትዝታ ቅኝት ወደ አምባሰል ስሻገር የክራሬ ድምፅ የሚወርድብኝ ነገር ተፈታ

ደሴ ለአንድ ሰርግ የማዘጋጀው የክራር ሶሎ በትዝታ ማይነር ቅኝት ይጀምርና ወደ አምባሰል ቅኝት ይሻገራል። መሀል ላይ ባለችው አጭር ፋታ የቅኝቱን ሁለተኛ ድምፅ በግማሽ ቶን ዝቅ፣ ሦስተኛውን በአንድ ሙሉ ቶን ከፍ አደርጋለሁ። ከፍ ያልኩት ክር ይጸናል። ዝቅ ያልኩት ግን ፈጣኑ ድርደራ ላይ እየላላ ይወርዳል። በጣም ያናድዳል!

የናይለን ክሩን ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ያው ነው። ክሮቹ የሚያርፉበትን ብርኩማ አስተካከልኩ። የደሴ ብርድ መስሎኝ ክራሩን ቤት አሙቄ ሞከርኩ። ምንም።

ለካ ክሩን አላልቼ ልክ ድምፁ ላይ ስቆም፣ መቃኛው ላይ የተጠመጠመው ውስጥ ልል ክር ይቀራል። ስደረድር እሱ ይሳባል። አሁን ከሚፈለገው ድምፅ አሳልፌ አወርደዋለሁ፤ ክሩን በጣቴ ሳብ አደርግና ወደ ላይ እያጠበቅኩ ድምፁ ላይ እቆማለሁ። በቱነር (በድምፅ መለኪያ) አየሁት፤ እስከ መጨረሻው አልተነቃነቀም።