ከሰሜን ሸዋ ተነስቶ ፍልስፍናን እስከ ዲግሪ እንዴት መማር ይቻላል?

ፍልስፍናን ዋና ትምህርቱ ማድረግ ያሰበ ተማሪ ዲፓርትመንት ከመምረጡ በፊት አንድ ሥራ አለበት። የመጀመሪያ ዓመቱን የሎጂክ ኮርስ ከልቡ መማር። ይህን ኮርስ ፍሬሽማን ሁሉ ይወስደዋል። ብዙው ግን ሞጁሉን ለፈተና ሸምድዶ፣ ግሬዱን ይዞ እዚያው ይረሳዋል። እናንተ እንደ ራስ መፈተሻ ያዙት። ስትማሩት ደስ ካላችሁ መስኩ ለእናንተ ነው። ካስጠላችሁ ደግሞ ቀሪዎቹ ዓመታት ከባድ ይሆናሉ፤ በጊዜ ማወቁ ይሻላል።

እንዴት እንደሚጠና በአንድ ምሳሌ ላሳይ። የሰማችሁትን ክርክር በሦስት መስመር ጻፉት፦

ጣርማበር ላይ ጭጋግ ከወረደ መኪኖች መብራት ያበራሉ።
ከጣርማበር የሚመጡት መኪኖች መብራት አብርተዋል።
ስለዚህ ጣርማበር ላይ ጭጋግ ወርዷል።

ሲሰሙት ልክ ይመስላል። የደብረ ሲናን መንገድ የሚያውቅ ሰው ግን ቶሎ ይነቃል። ጣርማበር ላይ ዋሻ አለ። ሰማዩ ጥርት ብሎም ሾፌሩ ለዋሻው ሲል መብራት ያበራል። ሁለቱ መነሻዎች (የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች) እውነት ሆነው ድምዳሜው (ሦስተኛው መስመር) ውሸት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አሁን ሁለተኛውን መስመር «መኪኖቹ መብራት አላበሩም» በሉት። ያኔ «ጭጋግ የለም» የሚለው ድምዳሜ የግድ ይከተላል። ከዚህ በኋላ የምትጠይቁት መነሻዎቹ ራሳቸው እውነት ናቸው ወይ የሚለውን ብቻ ነው። በዚህ መንገድ የእድር ስብሰባ ላይ የተባለውን፣ ዜና ላይ የሰማችሁትን፣ ራሳችሁ ጓደኛችሁን ያሳመናችሁበትን ሁሉ ፈትሹ። ፍልስፍና የሚለመደው እንዲህ እየተጻፈ ነው፤ በሽምደዳ አይገኝም።

ቀጥሎ የዲፓርትመንት ምርጫ ይመጣል። ፍልስፍና በሁሉም ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም። ስለዚህ የምትመደቡበት ወይም የምታመለክቱበት ተቋም ክፍሉ እንዳለው አስቀድማችሁ አጣሩ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በመስኩ ነባር ነው። የኢትዮጵያን ፍልስፍና በአምስት ቅጽ ያሳተመው ካናዳዊው ክላውድ ሳምነርም እዚያ ሲያስተምር ኖሯል። አዲስ አበባ ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከመወሰናችሁ በፊት ሄዳችሁ ከክፍሉ ተማሪዎች ጋር ብታወሩ አትከስሩም።

ቤተሰብ «ተምረህ ምን ልትሆን ነው?» ማለቱ አይቀርም። ደብቃችሁ አትመዝገቡ። የፍልስፍና ዲግሪን ብቻ የሚጠይቅ የሥራ ማስታወቂያ ጥቂት መሆኑን በግልጽ ንገሯቸው። ብዙዎች ከዚህ ተነስተው ወደ ማስተማር፣ ወደ ጋዜጠኝነት፣ ወደ ምርምር ወይም ተጨማሪ ተምረው ወደ ሕግ እንደሚሄዱም ንገሯቸው። «ሃይማኖቱን ያስክደዋል» የሚለውን ስጋት በንቀት አትለፉት። ኮርሱ ማንንም ካድ አይልም፤ የሚጠይቀው ምክንያታችሁን እንድትሰጡ ነው። ቅኔ ቤት የቆየ ልጅ ከሆናችሁ ደግሞ ከሰሙ ሥር ወርቁን መፈለግ ለምዳችኋል። አንድን ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ የመመርመር ትዕግሥት ይዛችሁ ትገባላችሁ። ይህ በእኔ እምነት ትልቅ ስንቅ ነው።

ንባቡ በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። ሃንድአውት ብቻ አታንብቡ። በቀን አምስት ገጽ ይብቃችሁ፣ ግን ሁለቴ አንብቡት። ከዚያ ወረቀቱን ዝጉና ጸሐፊው ምን እንዳለ፣ ለምን እንዳለ በአማርኛ ለእናታችሁ እንደምትነግሩ አድርጋችሁ ጻፉ። መጻፍ ካቃታችሁ ገና አልገባችሁም፤ ተመለሱ። ኢንተርኔት ካለ የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ በነፃ ይነበባል።

ምን ልጀምር ለሚል፣ ፕላቶ ስለ ሶቅራጥስ የፍርድ ቤት ክርክር የጻፈው አጭርና ለጀማሪ የሚሆን ነው። ከዚያ ግን ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን አንብቡ እላለሁ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1641 የታተመው የፈረንሳዊው ፈላስፋ የዴካርት ማሰላሰል ነው። ሌላው 1667 የሚል ዘመን የተሰጠው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ነው። ሁለቱም የተቀበሉትን እምነት በአእምሮ ለመመርመር ይነሳሉ። (ይህ ዘርዓ ያዕቆብ ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት ንጉሥ አይደለም። ንጉሡ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነበሩ፤ የሐተታው ሰው ግን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከአክሱም አካባቢ ተነስቶ እንፍራዝ የኖረ ተብሎ የሚታወቀው ነው።) ሐተታውን ራሱ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጽፎታል የሚሉ ምሁራን አሉ፤ ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ ይህን እ.ኤ.አ. በ1920 ጽፏል። ሳምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊው ነው ብሎ ተከራክሯል። የሁለቱንም ወገን ማስረጃ በመስመር በመስመር ጻፉት። ለመደገፍ አትቸኩሉ። መጀመሪያ የማትወዱትን ወገን ባለቤቱ ከሚያቀርበው በላይ አጠንክራችሁ አቅርቡት። ከባዱም ዋናውም ልምምድ ይህ ነው።

መውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም ተመራቂ ግዴታ ስለሆነ ማስታወሻችሁን ከሁለተኛ ዓመት ጀምራችሁ በኮርስ በኮርስ አስቀምጡ።

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲመጣ ርዕሱን ከአገራችሁ ፈልጉ። ለምሳሌ አውጫጭኝን ውሰዱ። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ያገሩ ሰው በሙሉ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ይጠየቅ ነበር። አንድ ጥፋተኛ ለማግኘት ያላጠፋውን ሁሉ ማስቸገር ፍትሕ ነው? ማኅበረሰብ እንደ አንድ ሰው ተጠያቂ ሊሆን ይችላል? በክረምት ዕረፍት መንዝ ወይም ተጉለት ውረዱና ነገሩን የሚያውቁ አባቶችን ጠይቁ። ፈቃዳቸውን ሳታገኙ አትቅረጹ። «እንዴት ይደረግ ነበር?» ብላችሁ አትቁሙ፤ «ለምን ልክ ነው ይባል ነበር?» የሚለውን ጨምሩ። የሰጧችሁን ምክንያት በራሳቸው አባባል ጽፋችሁ፣ ተቃውሞውንም ከጎኑ አድርጋችሁ፣ መስከረም ላይ ለአማካሪያችሁ ይዛችሁ ቅረቡ።