ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲደረግ ኮምፒውተሩ ለምን ይግላል? በድሬ ሙቀት ለምንሰራ ኤዲተሮች

ድሬዳዋ ውስጥ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ኤክስፖርት ትጫናላችሁ። ፋኑ መጮህ ይጀምራል። ሲፒዩው፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል። ኪቦርዱ ጣት ያቃጥላል። ሙሽሮቹ ደግሞ ነገ ጠዋት ይመጣሉ።

መጀመሪያ ልባችሁን ላረጋጋው። 100 በመቶ በራሱ በሽታ አይደለም። ኤክስፖርት ማለት እያንዳንዱን ፍሬም (የቪዲዮውን ነጠላ ምስል) ከፍቶ፣ ቀለሙንና ኤፌክቱን ሰርቶ፣ መልሶ አጭቆ ማስቀመጥ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም ያለው የ1 ሰዓት ቪዲዮ 90,000 ፍሬም አለው። ፕሮሰሰሩ ባለ በሌለ ኃይሉ ቢሰራ ወግ ነው። እናንተ ማየት ያለባችሁ ሌላ ቁጥር ነው፦ ፍጥነቱን፣ በጊጋኸርትዝ የሚጻፈውን።

«ጥሩ ይጀምርና ከ10 ደቂቃ በኋላ ይንቀራፈፋል»

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩን ስትነኩ «ስፒድ» እና «ቤዝ ስፒድ» የሚሉ ቁጥሮች ታያላችሁ። ኤክስፖርቱ እየሄደ ስፒዱ ከቤዝ ስፒድ በታች ከወረደ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሙቀት ነው። አብዛኞቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ እንዳይጎዱ ፍጥነታቸውን ራሳቸው ይቀንሳሉ። ዲግሪውን ለማየት ኮር ቴምፕን ጫኑ፤ በነጻ ይገኛል።

እዚህ ላይ የከተማችን ሙቀት አለበት። ፋን አየር ያንቀሳቅሳል እንጂ አየር አያቀዘቅዝም። ክፍሉ 22 ዲግሪ ሲሆን 85 ላይ የሚቆም ፕሮሰሰር፣ ክፍሉ 35 ሲሆን ወደ 98 ይጠጋል። ሐረር ያለ የሙያ ጓደኛዬ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ላፕቶፕ አለው። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አየሯ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የእኔ ሲንቀራፈፍ የእሱ ይጨርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሄ ሰዓት መምረጥ ነው፤ ምንም አያስወጣም። ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ከተማው ሁሉ ጥላ ፈልጎ አረፍ ይላል፤ እኛ ግን ማሽኑን የምናስጨንቀው ያኔ ነው። ያን ሰዓት ለመቁረጥና ለማደራጀት አድርጉት። ኤክስፖርቱን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ልቀቁት።

ቀጥሎ አቧራ። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጋር የሚኖር ሰው ላፕቶፑን በየሶስት በየአራት ወሩ ማጽዳት አለበት ብዬ አምናለሁ። አንድ ጥገና ቤት የእኔን አይቶ «ቦርዱ ሄዷል፣ ቀይረው» ብሎኝ ነበር። ብዙ ብር ነው። አላስችል ቢለኝ ከአንድ ወዳጄ ጋር ከፈትነው። በፋኑና በመዳቡ ክንፎች መካከል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ያን አንስተን፣ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) በንጹህ አልኮል ጠርገን፣ አዲስ የሩዝ ፍሬ የምታህል አደረግንበት። 97 የነበረው 82 ላይ ቆመ። ቦርዱ ዛሬም እየሰራ ነው። ብሎወር ስትጠቀሙ ግን ፋኑን በጣት ያዙት፤ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ሊበላሽ ይችላል። ከፍታችሁ የማታውቁ ከሆነ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይሁን።

ላፕቶፑን ፍራሽ ላይ አታስቀምጡት። አየር ብዙውን ጊዜ የሚስበው ከስሩ ነው። ኋላውን በሁለት መጽሐፍ ከፍ ማድረግ እንኳ ይረዳል።

ይህ ሁሉ ካልበቃ፣ በብዙ ዊንዶውስ ላፕቶፖች ላይ የሚሰራ ዘዴ አለ። ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ «ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት» የሚለውን ከ100 ወደ 99 አውርዱት። ይህ ቱርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከቤዝ ስፒዱ በላይ የሚፈጥንበትን፣ ያጠፋዋል። ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ሙቀቱ ግን በደንብ ይወርዳል። እየፈጠነ እየተንገዳገደ ከሚሄድ ማሽን በልኩ ሳያቋርጥ የሚሄደው አንዳንዴ ቀድሞ ይጨርሳል።

«ሲፒዩው 100፣ ጂፒዩው 0»

ይህ ብዙ ጊዜ የማሽኑ ችግር ሳይሆን የሴቲንግ ችግር ነው። የማጨቁን ስራ ፕሮሰሰሩ ብቻውን ተሸክሞታል፤ ጂፒዩው (የምስል ስራ የሚሰራው ቺፕ) ስራ ፈትቷል። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ2011 ጀምሮ ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ኩዊክ ሲንክ፣ ከ2012 ጀምሮ ደግሞ ብዙ የኤንቪዲያ ጂፒዩዎች ኤንቪኢኤንሲ የሚባል ለዚሁ ስራ የተለየ ክፍል ይዘው ይመጣሉ። ፕሪሚየር ፕሮ ላይ በኤክስፖርት ገጹ ፐርፎርማንስ የሚለው «ሶፍትዌር ኢንኮዲንግ» ላይ ከሆነ ወደ «ሃርድዌር ኢንኮዲንግ» ቀይሩት። ካልቀየረላችሁ የጂፒዩውን ድራይቨር አድሱ። «2 ፓስ» መርጣችሁ ከሆነም ወደ «1 ፓስ» መልሱት፤ 2 ፓስ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ነው የሚያልፍበት። ለስልክና ለዩቲዩብ ለሚሄድ የሰርግ ቪዲዮ ልዩነቱን ደንበኛ አያየውም።

«ገና ስቆርጥ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል»

ከስልክ ወይም ከአዲስ ካሜራ የመጣው ፋይል ኤች 265 በሚባለው ዘዴ የታጨቀ ሊሆን ይችላል። ትንሽ ቦታ ይይዛል፣ ለመክፈት ግን ከባድ ነው። ፕሮክሲ (ለመቁረጫ ብቻ የሚሆን ቀለል ያለ ቅጂ) ስሩለት።

«90 በመቶ ደርሶ ድርግም ይላል»

በጣም የሚያመው ይህ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ወይም መብራት ነው። ባትሪው ጤነኛ የሆነ ላፕቶፕ መብራት በመሄዱ ወዲያው አይጠፋም። ስለዚህ እሱ ከጠፋ መጀመሪያ ሙቀቱን ጠርጥሩ። ዴስክቶፕ ከሆነ የጎረቤት መብራት አብሮ ብልጭ ብሎ እንደሆነ ጠይቁ፤ እንደዚያ ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ያስፈልጋል። መብራቱ ደህና ሆኖ ማሽኑ ብቻ ከጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ ክፈቱትና ኮር ቴምፕን እያያችሁ አጭር ኤክስፖርት ሞክሩ።

እስክታስተካክሉት ድረስ ግን ሁሉንም በአንድ ፋይል አታውጡ። ኤምፒ 4 ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ማውጫው የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ የወጣው 90 በመቶም አይከፈትም። የሙሽሪትን ቤት ለብቻ፣ አዳራሹን ለብቻ፣ መልሱን ለብቻ አውጡ። በየመካከሉ ማሽኑን 15 ደቂቃ አሳርፉት። አንዱ ቢቋረጥ የምትደግሙት እሱን ብቻ ነው።