ሜይል አልደርስ ላላችሁ፦ የት ጋ እንደጠፋ መፈለጊያ (አሜሪካ ላለን ሰዎች)

እዚህ ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ ያለን ሰዎች ቡና ላይ ከተገናኘን ከቤት ኪራይ ቀጥሎ የምናማው ሜይልማኑን ነው። አንዱ የመንጃ ፈቃዱ አልመጣለትም፣ አንዷ ባንክ ላክሁልሽ ያላትን ካርድ ወር ሙሉ ትጠብቃለች፣ ሌላው የኢንሹራንስ ደብዳቤ ስላልደረሰው ሳያውቀው ተቋርጦበታል። እና ሁላችንም የምናደርገው አንድ አይነት ነው፣ ስልክ እንደውላለን፣ ግማሽ ሰአት ሙዚቃ እንሰማለን፣ ተናደን እንዘጋለን፣ በቃ።

ነገርዬው ግን እንዲህ ነው፣ ሜይል የሚጠፋው ሶስት ቦታ ነው። ወይ ላኪው ጋ ያለው አድራሻ ተበላሽቷል፣ ወይ መሀል ላይ የሚለይበት ትልቁ ማእከል ውስጥ ተኝቷል፣ ወይ ደሞ ከሜይልማኑ መኪና እስከ ሳጥናችሁ ባለችው ሀምሳ እርምጃ ላይ ነው የጠፋው። ሶስቱ ጋ የሚጠየቀው ሰው የተለያየ ስለሆነ መጀመሪያ የት እንደሆነ ሳያውቁ መጮህ ጉሮሮ ማድረቅ ነው።

ለማወቅ ደሞ ነፃ ነገር አለ፣ ኢንፎርምድ ዴሊቨሪ ይባላል። የዩኤስፒኤስ (የአሜሪካ ፖስታ ቤት) ዌብሳይት ላይ አካውንት ትከፍታላችሁ፣ ከዛ ሊመጣላችሁ ያለውን ደብዳቤ የፊት ገፅ ፎቶ ጠዋት ጠዋት በኢሜይል ይልኩላችኋል። ፎቶው መጥቶ ደብዳቤው አንድ ሁለት ቀን ቢዘገይ ችግር የለውም፣ ከዛ ካለፈ ግን ጉዳዩ ያቺ ሀምሳ እርምጃ ላይ ነው ማለት ነው። ፎቶው ራሱ ጭራሽ ካልመጣ ደሞ ከዛ በፊት ነው። (ትልልቅ ፖስታና በማሽን ያላለፈ ነገር ፎቶ ላይኖረው ይችላል።) ስትመዘገቡ ማንነታችሁን ያጣራሉ፣ አንዳንዱን ሰው ኮዱን በሜይል እንላክልህ ይሉታል፣ ሜይል አይደርሰኝም ብሎ ለመጣ ሰው ማለት ነው እንግዲህ 😂 እንደዛ ካሏችሁ መታወቂያ ይዛችሁ ፖስታ ቤት ሄዳችሁ መጨረስ ይቻላል።

ምልክት፦ ላኪው "ተመልሶብኛል" ይላችኋል፣ ወይ ፖስታው ቢጫ ስቲከር ተለጥፎበት ወደላከው ሄዷል

እዚህ ጋ ነው እኛ ሀበሾች በጣም የምንጎዳው፣ ምክንያቱ ስማችን ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ ፎርም ላይ ላስት ኔም ሲባል አንዱ የአባቱን ይጽፋል አንዱ የአያቱን፣ ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ ባል ከበደ፣ ሚስት ወልዴ፣ ልጆቹ በባልየው የመጀመሪያ ስም፣ ከሀገር ቤት የመጡት እናት ደሞ ሌላ ስም ይሆናል። ሳጥኑ ውስጥ ከበደ ብቻ ተጽፎ ያየ ሜይልማን ወልዴ የምትባለዋን የድሮ ተከራይ አርጎ ነው የሚያስባት። ቋሚው ሰውዬ ለምዷችሁ ዝም ብሎ ይሰጣችሁ ይሆናል፣ እሱ እረፍት ወጥቶ ተተኪ የመጣ ቀን ግን "አተምፕትድ፣ ኖት ኖውን" ተብሎ ይመለሳል፣ ማለትም በዚህ ስም የሚታወቅ ሰው የለም ነው።

እህቴ ዲቪ ደርሷት እኛ ጋ ስትመጣ ግሪን ካርዷ እንዲሁ ተመልሶ ሄዷል። ሶስት ሳምንት ሜይልማኑን ስንራገም ከርመን በኋላ ሳጥኑን ከፍተን ስናይ የኔና የባለቤቴ ስም ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ግማሹ ለቋል። ማንን ትከሳለህ።

መፍትሄው የአምስት ደቂቃ ስራ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ሙሉ ስም፣ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ስፔሊንግ፣ በትልቁ ጽፋችሁ ሳጥኑ ውስጥ ሜይልማኑ ከፍቶ በሚያየው በኩል ለጥፉት። አንድ ኮፒ ደሞ በእጁ ስጡት። እንግዳ ሆኖ ሰው ቤት ያለ ሰው የኢሚግሬሽን ፎርም ላይ "ኢን ኬር ኦፍ" (በእገሌ በኩል) የምትለዋን ቦታ ዝም ብሎ አይለፋት፣ የቤቱን ባለቤት ስም እዛ ጋ ይጻፍ።

ከስም ቀጥሎ የአፓርትመንት ቁጥር ነው። ባንኩ ጋ፣ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ቢሮው) ጋ፣ ኢንሹራንሱ ጋ ግቡና አድራሻችሁን ራሳችሁ አንብቡት፣ ቁጥሩ የጎደለበት አንድ አታጡም። ዲሲ ለምትኖሩ ደሞ ኖርዝዌስት ኖርዝኢስት የሚለው ጌጥ አይደለም፣ 14ኛ ስትሪት አራቱም አቅጣጫ ላይ አለ፣ ያን ፊደል የረሳ ሰው ደብዳቤው ከተማውን ዞሮ ነው የሚመጣው፣ ከመጣ።

ምልክት፦ ትራኪንጉ "ዴሊቨርድ" ይላል፣ ሳጥኑ ባዶ ነው

መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቁ፣ የሊዚንግ ኦፊሱን (የህንፃውን ኪራይ ቢሮ) ጠይቁ፣ 204ን ለ402 መስጠት የተለመደ ነው። አንዳንዴ ደሞ ሜይልማኑ ሳያደርስ ቀድሞ ስካን አርጎት በማግስቱ ይመጣል። አንድ ቀን ጠብቃችሁ ካልመጣ ሰፈራችሁን የሚያደርሰው ፖስታ ቤት በአካል ሂዱ፣ በጠዋት፣ ሜይልማኖቹ ከመውጣታቸው በፊት። መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ "ጠፋብኝ" ካላችኋት "ዴሊቨርድ ይላል እኮ" ብላ ትሸኛችኋለች፣ ስለዚህ ሱፐርቫይዘር ጠይቁና ስካን የተደረገበትን ጂፒኤስ እዩልኝ በሉ። የሚይዙት ስካነር የት ቆሞ እንደተጫነ ይመዘግባል፣ ሌላ ህንፃ ጋ ከሆነ እዛው ይታያል። እዛም ካልተፈታ ኦንላይን የእርዳታ ጥያቄ ሙሉ፣ 7 ቀን ካለፈው ሚሲንግ ሜይል ሰርች የሚባለውን ክፈቱ፣ የእቃውን ቀለም፣ መጠን፣ ፎቶ ሁሉ አስገቡ።

ምልክት፦ ለሳምንት ምንም የለም፣ ከዛ አንድ ቀን ክምር ይመጣል

ችግሩ ጎረቤቶቻችሁም ላይ ከሆነ፣ ወይ መደበኛ ሜይልማን የለም ወይ ትልቁ ማእከል ታንቋል። 2024 ላይ አትላንታ ያላችሁ ታስታውሳላችሁ፣ ፓልሜቶ ላይ አዲስ ትልቅ ማእከል ከፍተው ስራውን እዛ ሲሰበስቡት የጆርጂያ ሜይል ተዝረከረከ፣ ሴናተር ጆን ኦሶፍም የፖስታ ቤቱን ሀላፊ ልዊስ ዲጆይን ሴኔት ፊት አፋጠጡት። እንዲህ ሲሆን የሰፈሩን ሜይልማን መውቀስ ግፍ ነው፣ ብዙዎቹ እኮ አሁንም ኤሲ የሌላት የ80ዎቹና የ90ዎቹ መኪና ነው በዛ ሙቀት የሚነዱት።

እናንተ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ሳጥኑን እዩ። ማታ ማታ ኡበር የሚሰራ ሰው ሁለት ሳምንት ሳጥን አይከፍትም፣ በማስታወቂያ ወረቀት ይሞላል፣ ሜይልማኑ ቦታ ሲያጣ ይዞት ይመለሳል፣ ሲደጋገም ደሞ ቤቱ ባዶ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል። የሳጥኑ ቁልፍ ከተበላሸ ደሞ አፓርትመንት ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሰራው ማኔጅመንቱ ነው፣ በጽሁፍ ንገሯቸው። ሀገር ቤት ስትሄዱ ሆልድ ሜይል (ፖስታ ቤቱ ሜይላችሁን ይዞ የሚያቆይላችሁ) እስከ 30 ቀን ብቻ ነው፣ ለገና ሄዳችሁ ፋሲካን ውላችሁ የምትመጡ ከሆነ በጊዜያዊነት ወደ ዘመድ አድራሻ አዙሩት።

ምልክት፦ ቤት ቀይራችሁ ወረቀታችሁ የድሮው ቤት እየሄደ ነው

አድራሻ መቀየሪያው ኦንላይን አንድ ዶላር ከሳንቲም ነው፣ ፖስታ ቤት ሄዶ በወረቀት ከሞሉት ነፃ። ጎግል ላይ ከላይ ወጥቶ 40 ምናምን ዶላር የሚጠይቅ ካያችሁ ዩኤስፒኤስ አይደለም፣ ዝጉት። ደብዳቤ ለ12 ወር ይከተላችኋል።

ሰው የሚሞኝበት ግን ኢሚግሬሽን ላይ ነው። ፖስታ ቤት አድራሻ ቀየርኩ ማለት ዩኤስሲአይኤስ (የኢሚግሬሽን መስሪያ ቤቱ) አወቀ ማለት አይደለም፣ እነሱን በ10 ቀን ውስጥ ለብቻ ማሳወቅ ግዴታ ነው፣ አካውንት ካላችሁ እዛው ኦንላይን ይሰራል። በዲቪ የመጣ ሰው ደሞ የተቀበለውን ዘመድ አድራሻ ሰጥቶ በወሩ ሚኒሶታ ወይ ሲያትል ይሄዳል፣ ካርዱ ቨርጂኒያ ይመጣል፣ ዘመድየው ስራ ላይ ነው፣ ይመለሳል። የተመለሰ ካርድ 60 የስራ ቀን ውስጥ ባለቤቱ ትክክለኛውን አድራሻ ካልሰጠ ያወድሙታል፣ ቀልድ የለም። ስለዚህ ኬዝ ስታተሱን እዩ፣ ካርዱ ሲላክ ትራኪንግ ቁጥሩ እዛ ላይ ይወጣል፣ "ተመልሷል" ካለ ወይ ደርሷል ብሎ ከሌለ ዌብሳይታቸው ላይ ካርድ አልደረሰኝም የሚለውን ጥያቄ ወዲያው ሙሉ። እህቴ እንደዛ አርጋ ነው ሁለተኛ የተላከላት።

ምልክት፦ የላካችሁት ቼክ በሌላ ሰው ስም ተመነዘረ

ይሄ ስርቆት ነው። በዛው ቀን ለባንኩ፣ ለፖሊስና ለፖስታል ኢንስፔክሽን ሰርቪስ (የፖስታ ቤቱ የራሱ ፖሊስ) አመልክቱ፣ የሰው ሜይል መስረቅ እስከ 5 አመት የሚያሳስር የፌደራል ወንጀል ነው። ቼክ በጄል እስክሪቢቶ ጻፉ፣ ሌቦቹ ጽሁፉን አጥበው ስም ለመቀየር ያስቸግራቸዋል፣ ማታ መንገድ ዳር ያለው ሰማያዊው የፖስታ ሳጥን ውስጥ አትጣሉ፣ ፖስታ ቤት ውስጥ ገብታችሁ ስጡ። በቴክስት "ፓኬጅህ አድራሻ ጎድሎታል፣ ሊንኩን ንካ" የሚለው ደሞ ውሸት ነው፣ ሳትጠይቁ እንደዛ አይልኩም።

ሁሉንም አርጋችሁ ወር ካለፈ የኮንግረስ ተወካያችሁ ቢሮ ደውሉ። ሲትዝን መሆን አያስፈልግም፣ እዛ ዲስትሪክት መኖር ይበቃል፣ ክፍያም የለውም፣ ለፖስታም ለኢሚግሬሽንም መስሪያ ቤቱን በእናንተ ስም የሚጠይቅ ሰራተኛ አላቸው። ኬዝ ነምበራችሁን፣ ቀኖቹን፣ የኢንፎርምድ ዴሊቨሪውን ፎቶ ይዛችሁ ቅረቡ፣ የሚልኩላችሁን የፈቃድ ፎርም ደሞ ቶሎ ፈርማችሁ መልሱ፣ እሱ ካልተፈረመ አይጀምሩም፣ እና በኢሜይል ነው ላኩልኝ የምትሉት፣ በፖስታ እንዳትሉ።