በሩጫ ስኮላርሺፕ ለምትፈልጉ የጎንደር ልጆች፦ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ሩጫ ካቆምኩ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ፋሲለደስ ስታዲየም ከሚመጡ ልጆች ጋር ነኝ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ ይፈልጋሉ። እግሩ አላቸው። የሚጥላቸው ሌላ ነው።

ትምህርትን ለኋላ ማለት

ትልቁ ይኼ ነው። አንዲት ልጅ ትራንስክሪፕቷን በፌስታል ጠቅልላ አመጣችልኝ። በ1500 ሜትር እዚህ አካባቢ የሚደርስባት የለም። ወረቀቱን ስዘረጋው የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ አርባ ቤት ነው። «ያኔ እኮ ልምምድ ላይ ነበርኩ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ኤንሲኤኤ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ውጤት ያያል። ኮሌጆቹን በሦስት የውድድር ደረጃ ይከፍላቸዋል፤ ከፍተኛው በሆነው ዲቪዥን አንድ ለመወዳደር እንደ እንግሊዝኛና ሒሳብ ያሉ 16 ዋና ዋና ኮርሶችና ከ4.0 ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ መባነን አያድንም። አሁን የሁለት ዓመት ኮሌጆችን እየሞከርንላት ነው፤ እዚያም የስፖርት ስኮላርሺፕ አለ።

ዕድሜ ማስቀነስ

ልደት ካርዱ ሌላ፣ ፓስፖርቱ ሌላ፣ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ሌላ ዓመት የሚል ልጅ ገጥሞኛል። «ለታዳጊ ውድድር ብለው ነው የቀነሱልኝ» አለ። ኤምባሲ ፊት ይኼን ማን ያስረዳለታል? እባካችሁ፣ ማንም ቢያባብላችሁ እምቢ በሉ። የልደት ዓመተ ምሕረትን ወደ ፈረንጅ ሳይቀይሩ እንዳለ መገልበጥም ጣጣ ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጃል።

«ፈጣን ነኝ» ብሎ መጻፍ

አሰልጣኙ የሚፈልገው ርቀቱን፣ ሰዓቱን፣ ቀኑንና ቦታውን ነው። ቪዲዮ ካለ ጨምሩ። ሰዓቱ በእጅ የተያዘ ከሆነ በእጅ ነው በሉ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ የተሮጠ 5000 ሜትር ቆላ ከተሮጠው ይዘገያል። ከፍታውንም ጻፉላቸው።

ከማናጀር ጋር ቸኩሎ መፈራረም

የኮሌጅ ተወዳዳሪነታችሁን ሊያሳጣችሁ ይችላል። መጀመሪያ ጠይቁ።

ለደላላ መክፈል

አንድ የደምቢያ አባት በሬ ሸጠው ለደላላ ከፈሉ። ለልጃቸው የቅበላ ደብዳቤ መጣ። ኮሌጁ ግን ዲቪዥን ሦስት ነው፤ ዲቪዥን ሦስት የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ልጁ ቀረ፣ በሬውም ሄደ። የአሰልጣኞቹ ኢሜይል የየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ አለ፤ ለመጻፍ አምስት ሳንቲም አይጠይቅም። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ። ከልምምድ በኋላ ስታዲየሙ በር ላይ አለሁ፣ አብረን እንጽፋለን።